«እርጅና ነው» ያልነው የደም ግፊት ነበር

በቤታችሁ ግፊት ያለበት አባት ወይም እናት ካላችሁ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። ግፊት ልብንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ሲብስም ስትሮክ እንደሚያመጣ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከስትሮኩ በፊት ግን ለዓመታት፣ ምንም ሳያሳምም፣ አንጎል ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ስሮችን አንድ በአንድ እየዘጋ እንደሚሄድ የነገረን አልነበረም። ቤተሰቤ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። መርካቶ አካባቢ በአንድ ሲንጀር መኪና ልጆቹን አሳድጎ አስተምሯል። ግፊት እንዳለበት የታወቀው ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲለካ ነበር። መድኃኒት ታዘዘለት፤ ጥቂት ጊዜ ወሰደና ተወው። «ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም፤ ምን ሆኜ ነው ኪኒን የምውጠው?» ይል ነበር። ሌላም ፍርሃት ነበረው። «አንዴ ከለመድኩት መላቀቂያ የለውም» ብለው ጓደኞቹ ነግረውታል። ስለዚህ ራሱን ሲያመው ብቻ አንድ ይውጣል፣ ደህና ሲሆን ይተዋል። በመሃል ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይሞክራል። እኛም በየበዓሉ «ግፊትህ እንዴት ነው?» እንለዋለን፤ «ደህና ነው» ይለናል። ማንም መለኪያ አንስቶ አይለካውም።

አሁን ሳስበው ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ግፊት በአብዛኛው አያምም። ራስ ምታት ስለሌለ ግፊት የለም ማለት አይደለም። መድኃኒቱም የራስ ምታት ማስታገሻ አይደለም። «መልመድ» የሚባለውም ነገር የለም። ኪኒኑን ሲያቋርጡ ግፊቱ ተመልሶ የሚወጣው በሽታው ስላልለቀቀ እንጂ ሰውነት ሱስ ስለያዘው አይደለም።

ለውጡ የጀመረው ከእግሩ ነው። ቀጥ ብሎ ፈጠን የሚል ሰው ነበር። ቀስ በቀስ እርምጃው አጠረ፣ እግሮቹም ሰፋ ሰፋ አሉ። ጫማው ወለሉን ይጎትት ጀመር። ለመነሳትና ለመዞር ጊዜ ይፈጅበታል። ጉልበቱ ነው አልን። ጉልበቱን ደግሞ በእርግጥም ያመው ስለነበር ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየተገዛ ይወስድ ነበር። ይህ መድኃኒት ራሱ ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ያወቅነው በኋላ ነው።

ቀጥሎ ሽንት መጣ። «መጣ» ሲለው መቆየት አይችልም፤ ሽንት ቤት ሳይደርስ ያመልጠዋል። ፕሮስቴት ነው ተባለ። ከዚያ ዝምታው መጣ። አባቴ ከደንበኞቹ ጋር ሲያወራ የሚውል፣ ሬዲዮኑን የማይዘጋ ሰው ነበር። ሬዲዮኑ ተዘጋ። አላዘነም፣ አላለቀሰም፤ ብቻ ምንም ነገር አያጓጓውም። ስትጠይቀው ይመልሳል፣ ካልጠየቅከው ዝም። እናቴ «ሰነፈብኝ» ትል ነበር። ጎረቤት ደግሞ «እርጅና ነው፣ ተዉት ይረፍ» አለን።

ከሁሉ በላይ ሊያስደነግጠን የሚገባው ግን ስፌቱ ነበር። አንድ የሰፈር ሰው የሱሪ ጨርቅ አመጣለት። ለካ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ ቆረጠ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን ያነሳል። ማታ ስናየው ኪሱን ሳያስገባ ግራና ቀኙን ገጥሞ ሰፍቶታል። ዕድሜ ልኩን የሰፋውን ሱሪ ቅደም ተከተሉ ጠፋበት። የሚገርመው ነገር፣ ከብዙ ዓመት በፊት የሞቱ ጎረቤታችንን የትከሻና የእጅጌ ልክ ብትጠይቁት በቃሉ ይነግራችኋል። ስማችንን፣ የልደት ቀናችንን፣ የዕድር ቀኑን አይስትም። እኛም «ምንም አልረሳም፣ አእምሮው ደህና ነው» ብለን ተጽናናን።

ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ። የጥቃቅን የደም ስሮች ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመርሳት አይደለም። ማቀድ ይከብዳል፣ አንድን ሥራ በተራ መሥራት ይጠፋል፣ ማሰብ ይዘገያል፣ ፍላጎት ይቀዘቅዛል። የእግር መጎተትና የሽንት ማምለጥ ሲጨመርበት ደግሞ ሦስቱም የአንድ ነገር ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ እግሩን ለብቻ፣ ሽንቱን ለብቻ፣ ዝምታውን ለብቻ ነበር የምናየው። ለሐኪምም አንድ ላይ አልተነገረም። ስትሄዱ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ቡና እየጠጣ ሳለ ሲኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ቀኝ እግሩ ከዳው። አፉ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ሄዷል፤ ንግግሩ ግን ይሰማል። የተሰበሰበው ሰው «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ ሊቀጠፍ የሮጠም ነበር። «ግፊቱ ነው፣ ሁለት ኪኒን ስጡት» ያለም ነበር። ታላቅ እህቴ ግን ማንንም ሳትሰማ ታክሲ አስጠራች። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ የስትሮክ ምልክት ነው፤ ከነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ በድንገት ከመጣ ሐኪም ቤት ነው መሮጥ። የሚዋጥ ነገር አትስጡት፤ መዋጥ አቅቶት ሊያንቀው ይችላል። አስፕሪንም ቢሆን አይሰጥም፤ አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ይሁን የደም ስር ተዘግቶ ሳይታወቅ አስፕሪን ሊያባብስ ይችላል። ሌላው ትልቅ ነገር ሰዓት ነው። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ሆስፒታል እንኳ በአብዛኛው የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አራት ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም «ለቀቀው» ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ተከታዩን የሚያስጠነቅቅ ሊሆን ይችላል።

ግፊቱ 196/108 ነበር። ሲቲ ስካን ተነሳና ደም እንዳልፈሰሰ ታወቀ። እዚህ ጋ ዘመድ ተቆጣ። «ግፊቱ 190 ሆኖ ለምን ቶሎ አያወርዱለትም?» እያለ ከነርሶች ጋር የተጨቃጨቀ ነበር። በኋላ ምክንያቱን ዶክተሯ አስረዳችን። የደም ስር ተዘግቶ በመጣ ስትሮክ በመጀመሪያው ቀን ግፊትን በፍጥነት ማውረድ ገና ያልሞተውን የአንጎል ክፍል ደም ሊያሳጣው ይችላል። የሚያሟሟው መድኃኒት ካልተሰጠና ሌላ አስገዳጅ ነገር ከሌለ፣ ከ220/120 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሁለት ቀን ይታገሱታል። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚወርደው። ደም የፈሰሰ ከሆነ ግን አያያዙ ሌላ ነው። ይህን ብናውቅ ያን ሁሉ ጭቅጭቅ አናይም ነበር።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የመጣው ኤምአርአይ ሲነሳ ነው። ዶክተሯ ምስሉን ከፍታ ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠጋች። «አባባ፣ ይህ አዲሱ ነው» ብላ አንዲት ትንሽ ነጥብ አሳየችው። ከዚያ ጣቷን ወደ ሌሎቹ ወሰደች። «እነዚህ ደግሞ የቆዩ ናቸው። ሲመጡ አልተሰማዎትም።» ጥልቁ የአንጎል ክፍል ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። በዙሪያቸው ነጫጭ ደመና የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ይህ የጉዳት ምልክት የሆነው ነጭ ነገር ከ0 እስከ 3 በሚሰጥ ደረጃ ይለካል፤ የአባቴ 3 ነበር። በሌላ ዓይነት ምስል ላይ ደግሞ ጥቋቁር ነጥቦች ታዩ፤ ከተዳከመ የደም ስር ጠብ ያለ ደም ነው ተባለ። አባቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና «ስንት ዓመት ሆኖታል?» አለ። ዶክተሯ ቀኑን ማወቅ እንደማይቻል፣ ግን ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ነገረችው።

በቀላሉ ላስረዳ። አንጎላችን ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ልብ ከሚረጨው ደም ግን አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ይወስዳል። በአንጎላችን ታችኛው ክፍል ትልልቅ የደም ስሮች አሉ። ከነሱ ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠኑ ስሮች ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሌላ ቦታ ደም ብዙ ቅርንጫፍ እያለፈ ኃይሉን ቀንሶ ነው ትንሹ ስር ጋ የሚደርሰው። እዚህ ግን ከዋናው የውሃ መስመር ላይ ቀጭን ቧንቧ በቀጥታ እንደመቀጠል ነው፤ ግፊቱ ሳይበርድ ይመታዋል። ለዓመታት ሲመታ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ መሃሉ ይጠብባል። አንዱ ሲዘጋ ደግሞ ተለዋጭ መንገድ የለውም። ያጠጣው የነበረው ቦታ ይሞትና 15 ሚሊሜትር የማይሞላ ቀዳዳ ይቀራል። ግድግዳው ተዳክሞ ከፈነዳ ደግሞ ደም ይፈስሳል፤ ያ ትልቁ፣ ገዳዩ ነው። ደም ስር ተዘግቶ ከሚመጡ ስትሮኮች አንድ አራተኛ ያህሉ ከእነዚህ ጥቃቅን ስሮች የሚነሱ ናቸው። ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት ደግሞ ከሚታወቁት ይበዛሉ።

ለምን እግርና ሐሳብ አብረው እንደተጎዱም ያኔ ገባኝ። የፊተኛውን አንጎል ከሌላው ክፍል ጋር የሚያገናኙት ረጃጅም የነርቭ መስመሮች የሚያልፉት እዚያው ጥልቅ ቦታ ላይ ነው። አስበን ለመጀመር፣ ሥራን በተራ ለመሥራት፣ እግርን ለማንሳት፣ ሽንትን ለመያዝ የሚያስፈልገው ትእዛዝ በነሱ ይሄዳል። መስመሩ ሲጎዳ ትእዛዙ ይዘገያል። አባቴ አልሰነፈም ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አለቀሰች።

የሞተው ቦታ አይመለስም። ተጨማሪ እንዳይጎዳ ማድረግ ግን ይቻላል፤ ይህ ተስፋ ለመስጠት ብቻ የተባለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና ስትሮክ ያለፈባቸውን ከ6,000 በላይ ሰዎች ያሳተፈው ፕሮግረስ የተባለ ጥናት ግፊትን በመድኃኒት ማውረድ ዳግም ስትሮክን በ28 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ስፕሪንት የተባለው ጥናት ደግሞ የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ማድረግን ከ140 በታች ከማድረግ ጋር አወዳድሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት ከ120 በታች እንዲወርድ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ቀላል የአእምሮ መዳከም በ19 በመቶ ቀንሶ ታይቷል፤ ነጩ ነገርም የሚስፋፋበት ፍጥነት ቀንሷል። ለአባቴ የተሰጠው ግብ ከ130/80 በታች ነው። ለናንተ ሰው ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁና ካርዱ ላይ አስጽፉ። ብዙ ሰው መድኃኒት ይወስዳል እንጂ ስንት ላይ መድረስ እንዳለበት አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ያደረግነው መለኪያ መግዛት ነው፤ በክንድ ላይ የሚታሰረውን እንጂ የእጅ አንጓውን አይደለም። አለካኩ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ የለም። ሽንት ይሸናል። ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር ወለል ላይ አድርጎ፣ ለ5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ክንዱ በልቡ ልክ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ እጅጌ ላይ አይታሰርም። ሁለት ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ይለካና ይጻፋል። ቤት ውስጥ 135/85ና ከዚያ በላይ እየደጋገመ ከታየ ከፍተኛ ነው። ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ንግግራችሁ ሁሉ ይቀየራል። አባቴ ቆሞም ይለካል፤ ሽማግሌ ሰው ሲነሳ ግፊቱ ድንገት ሊወርድና ሊጥለው ስለሚችል።

መድኃኒቱ አስቸገረን። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል አመጣበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ይስላል። ድሮ ቢሆን ዝም ብሎ ይተወው ነበር። አሁን ተመልሰን ነገርናቸው፣ በሎሳርታን ተቀየረለትና ሳሉ ጠፋ። አምሎዲፒን ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን አሳበጠው፤ እሱም መጠኑ ተስተካከለ። ስለዚህ ኪኒን ካልተስማማ አታቋርጡ፣ አስቀይሩ። አማራጩ ብዙ ነው። ሌላው ችግር መጥፋት ነው። አንዳንዴ መድኃኒቱ ከገበያ ይጠፋል። እኛ የሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው መፈለግ የምንጀምረው፤ በጤና ተቋሙ ፋርማሲ ካጣን የከነማና የቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን እንጠይቃለን። ለጉልበቱ ዲክሎፌናክ ቀረ፤ ፓራሲታሞልና እንቅስቃሴ ተተካ። ፋርማሲ ስትገቡ፣ የጉንፋን መድኃኒት እንኳ ቢሆን፣ «ግፊት አለበት» በሉ። ጫትም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ይህን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል።

ጾም ሲመጣ አባቴ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም» አለ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የንስሐ አባቱን ጠራናቸው። መጡና «ልጄ፣ ታመሃል። መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፤ ጠበሉንም ጠጣ» አሉት። ከዚያ በኋላ አንድ የተቃውሞ ቃል አልተናገረም። የቤተሰብ ንግግር ያልፈታውን እሳቸው ፈቱት። ሙስሊም ቤተሰቦችም ረመዳን ሳይገባ ከሐኪምና ከሚያምኑት የሃይማኖት አባት ጋር ቢነጋገሩ ጥሩ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ ሰዓቱን ማስተካከል ብዙ ጊዜ አይከብድም።

ጨው ላይ እናቴ ጀግና ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። እኛ ወጥ ላይ የምንጨምረውን ብቻ እንቆጥር ነበር። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም፣ ሚጥሚጣውም። ዳቦው ውስጥም አለ። እናቴ በርበሬና ሽሮውን ያለ ጨው አስፈጨች። ለአባቴ ለብቻው አልሰራችም፤ ቤቱ ሁሉ ቀነሰ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አጉረመረምን፣ በኋላ ምላሳችን ተስማማ።

እንዴት እንደምናናግረውም ተማርን። ጥያቄ ከጠየቃችሁት በኋላ ጠብቁት። መልሱ አለ፣ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። እኛ ሳይጨርስ ቀድመን ስለምንመልስለት ነበር ጭራሽ ዝም ያለው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትዘዙት። «ታጠብና ልበስና ና» ሳይሆን «ታጠብ» በሉት፤ ሲጨርስ ቀጣዩን። ምንጣፍ አንሱ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ማታ መብራት ይኑር፣ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይልበስ። ፊዚዮቴራፒውን «ተሻለው» ብላችሁ አታቋርጡ። እኛ ጋ እግሩን የመለሰለት በየቀኑ በግቢው ውስጥ ያደረገው ጉዞ ነው።

አሁን አባቴ በምርኩዝ ይሄዳል። ሙሉ ሱሪ አይሰፋም። እህቴ ቁርጥራጩን በተራ ታቀብለዋለች፣ እሱ ይገጥማል፤ ቁልፍና ጠርዝ ግን ማንም አይነካበትም። ዝምታው ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ሬዲዮኑን ግን አንዳንድ ጠዋት ራሱ ይከፍታል። በየስድስት ወሩ የማሰብ ችሎታው ይፈተሻል፤ የሰዓት ሥዕል ሣል ይሉታል፣ ቁጥርና ፊደል እያፈራረቀ እንዲያገናኝ ይሰጡታል። ከስትሮኩ ወዲህ ብዙም አልወረደም።

እኛ ልጆቹም ሁላችንም ተለካን። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ገና አርባዎቹ ውስጥ ነው፣ ምንም አይሰማውም፤ ለሳምንት ቤቱ ሲለካ የላይኛው በየቀኑ ከ150 አይወርድም ነበር። መድኃኒት ጀመረ። ታናሽ እህቴ ደግሞ በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ወጥቶባት ነበር። ከወሊድ በኋላ ስለወረደ ሁላችንም ረስተነው ነበር፤ እንዲህ ያለች ሴት ወደፊት ግፊት የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ መሆኑን ዶክተሯ ስትነግራት በዓመት አንዴ መታየት ጀመረች። እናንተም ሐኪም ጋ ስትቀርቡ በቤተሰብ ውስጥ ግፊትና ስትሮክ መኖሩን፣ በእርግዝና ወቅት ግፊት ወጥቶ እንደነበር፣ አሁን የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ሳትጠየቁ ንገሯቸው።